የተጠርጣሪ ስም በዜና ገጽ

ስለ ወንጀል በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ዜና ውስጥ፣ ነገሩ ስርቆትም ይሁን ነፍስ ግድያ፣ «ሰስፔክት» የምትባለው ቃል ሳትጠራ የምትቀርበት ቀን ጥቂት ነው። ተጠርጣሪ ማለት መሆኗን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ነገር ግን በሕግ ፊት ያላት ስፍራና በአንባቢ ልብ የምትይዘው ስፍራ እጅግ የተራራቁ ስለ ሆኑ፣ ጸሐፊም አንባቢም ልኳን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። መርማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉበት ሰው ተጠርጣሪ ይባላል፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል፤ ወንጀለኛ የሚባለው ግን ማስረጃው ተመርምሮ በደለኛ ነው ተብሎ ሲበየንበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ብዙ የአሜሪካ ጋዜጠኞች የሚመሩበት የአሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል የአጻጻፍ ደንብ በዚህች ቃል ላይ ጥብቅ ነው። ፊቱን ሸፍኖ ባንክ የዘረፈው ሰው ማንነቱ ካልታወቀ፣ «ተጠርጣሪው ገንዘቡን ይዞ ሸሸ» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም፤ የሸሸው ዘራፊው ነውና። ይህን ልዩነት የዘነጋ ጸሐፊ ዛሬ «ተጠርጣሪው ዘረፈ» ብሎ ጽፎ፣ ነገ የተያዘውን ሰው በዚያው ስም ሲጠራው፣ አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያለ ዳኛ ይፈርድበታል።

ለዚህ ብርቱ ምስክር የሚሆነው የሪቻርድ ጁዌል ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ጨዋታ በአትላንታ ሲካሄድ፣ ጁላይ 27 ሌሊት፣ የጥበቃ ሠራተኛ የነበረው ጁዌል ሕዝብ በተሰበሰበበት መናፈሻ ከአግዳሚ ወንበር ሥር የተተወ ቦርሳ አይቶ ለፖሊስ አመለከተ፤ ሰዉን ከስፍራው በማራቅ ላይ ሳሉም ቦምቡ ፈነዳ። ከመቶ በላይ ሰዎች ቢቆስሉም፣ በእርሱ ትጋት ብዙ ነፍስ ተርፏልና ጀግና ተባለ። በሦስተኛው ቀን ግን የአትላንታው ጋዜጣ፣ የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. ቦምቡን ያኖረው ይኸው ጀግና ሳይሆን አይቀርም ብሎ መጠርጠሩን በልዩ እትም አወጣ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ጋዜጠኞችም ከእናቱ ጋር የሚኖርበትን ቤት ከበቡ። በኦክቶበር መጨረሻ መንግሥት የምርመራው ዒላማ አለመሆኑን በደብዳቤ እስኪገልጽለት ድረስ፣ አንድም ክስ ሳይመሠረትበት ሦስት ወር ያህል በሕዝብ ኩነኔ ኖረ። እውነተኛው አድራጊ ኤሪክ ሩዶልፍ በ2003 ተይዞ፣ በ2005 ጥፋቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ጁዌል በ2007፣ በ44 ዓመቱ ዐረፈ።

ጁዌል ስሜን አጥፍተዋል ብሎ ከወቀሳቸው የዜና ድርጅቶች አንዳንዶቹ ገንዘብ ከፍለው ነገሩን በስምምነት ጨረሱ። የአትላንታው ጋዜጣ ግን እስከ መጨረሻው ተከራክሮ፣ በ2011 የጆርጂያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘገባው በታተመበት ጊዜ በመሠረቱ እውነት ነበር ብሎ ስለ በየነለት ረታ፤ መርማሪዎቹ በእርግጥ ጠርጥረውት ነበርና። እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ ንጹሕ ሰው ተጎድቶበታል። ሕግ የሚጠይቀው ቃሉ ሐሰት እንዳይሆን ነው፤ ኅሊና ግን ከዚያ አልፎ፣ ቃሉ በሰማዒው ዘንድ ምን እንደሚያፈራ ይጠይቃል።

በለዘበ ቃል መተካትም መፍትሔ አልሆነም። በ2001 በፖስታ ስለ ተላከው የአንትራክስ ባክቴሪያ ሲመረመር፣ ሳይንቲስቱ ስቲቨን ሃትፊል ተጠርጣሪ በመባል ፈንታ «መርማሪዎች ትኩረት የሰጡት ሰው» ተባለ፤ ጉዳቱ ግን ያው ነበር፤ መንግሥትም በ2008 ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተስማማ።

ስለዚህ ጸሐፊ ማን እንደ ጠረጠረ፣ በምን ምክንያት እንደ ጠረጠረ፣ ክስ ተመሥርቶ እንደ ሆነና ሰውየውም ምን እንደ መለሰ አሟልቶ ሊጽፍ፣ ነጻ በወጣም ጊዜ ጥርጣሬው በታተመበት ገጽ ላይ ንጽሕናውን ሊያውጅለት ይገባል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ለተከሳሽ የተጠበቀ መብት ገና ላልተከሰሰው ተጠርጣሪ እንዴት ይነፈጋል? አንባቢ ሆይ፣ «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል በዜና ባየህ ጊዜ፣ ፍርዱን ለዳኛ ተው።