የዩኒቨርሲቲ ምደባ እንዴት ይወሰናል?

ገንዳ ውኃ፦ በመተማ፣ በቋራ እና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ አካባቢዎች መስከረም አርሶ አደሩ ለሰሊጥ አጨዳ የሚዘጋጅበት ወር ነው። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቶችም ይፋ የኾኑት በዚሁ በዘመን መለወጫ ሰሞን ነበር። ውጤት በታወቀ ማግሥት በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ልጃችን የት ይመደባል? የሚወስነውስ ማን ነው?

በአንዳንድ የውጭ ሀገራት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ሠራተኞች የእያንዳንዱን አመልካች የትምህርት ማስረጃ፣ ስለራሱ የጻፈውን ጽሑፍ እና የመምህራኑን የድጋፍ ደብዳቤ አንብበው ይወስናሉ። በኢትዮጵያ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በማዕከል የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከኾነ በኋላ በራሱ የመግቢያ ፈተና እየመዘነ መቀበል ጀምሯል።

የመጀመሪያው ማጣሪያ የፈተና ውጤት ነው። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት 50 በመቶ እና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ኾኗል። ፈተናው ከ600 የሚያዝ ከኾነ ይህ 300 ነጥብ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም ይህንን ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 8 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይህም 48 ሺህ 929 ተማሪዎች ናቸው።

ሁለተኛው የተማሪው ምርጫ ነው። ያለፉ ተማሪዎች በሚኒስቴሩ የበይነ መረብ ገጽ ላይ መማር የሚፈልጉባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላሉ። ሦስተኛው ደግሞ የየተቋሙ የቅበላ አቅም ነው። ለምሳሌ ብዙ ተማሪዎች ጎንደር ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ምርጫቸው ቢያደርጉና ቦታው ባይበቃ፣ ዝቅተኛ ውጤት ያለው ተማሪ ወደ ቀጣይ ምርጫው ሊሸጋገር ይችላል። ስለዚህ ከአንደኛው ምርጫ በታች ያሉትን በዘፈቀደ መሙላት ተማሪው ያላሰበበት ቦታ እንዲደርሰው በር ይከፍታል።

ከግማሽ በታች ያመጡ ሁሉ ተስፋቸው ተቆርጧል ማለት አይደለም። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚወስነውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሜዲያል ትምህርት ይከታተላሉ። መቁረጫ ነጥቡ ለሴቶች እና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ብሎ ሲወሰን ቆይቷል። በመጨረሻም የሚሰጠውን ምዘና ያለፉት ወደ አንደኛ ዓመት ይሸጋገራሉ። ይህም ያልተሳካላቸው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አማራጭ አላቸው።

የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሥራ የሚጀምረው ምደባው ካለቀ በኋላ ነው። ተቋሙ በሚያወጣው ጥሪ መሠረት ተማሪው የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቶቹን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትራንስክሪፕት ዋናውን ከቅጅው ጋር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ እና አንሶላ ይዞ ይቀርባል። በማስረጃዎቹ ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰለ ምዝገባው ሊጓተት ስለሚችል፣ የፊደል ስህተትን ተማሪው ከአካባቢው ሳይርቅ በትምህርት ቤቱ በኩል ማስተካከል ይቀላል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ሌላ ጉዳይም አለ። ጎንደር መመደብ ሕክምና መማር ማለት አይደለም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቅድሚያ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ፤ የትምህርት ክፍል ድልድል የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህም የአንደኛ ዓመት ውጤታቸው፣ ምርጫቸው እና የትምህርት ክፍሉ አቅም ይታያል። ከቤት የወጣ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ ዕረፍት ከቆጠራቸው የተመኘውን ሙያ ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ደላላ የሚገባበት ቦታ የለም። በጤና እና በመሰል ከባድ ምክንያቶች የሚነሳ ቅሬታ ሚኒስቴሩ በሚያሳውቀው ጊዜና መንገድ ከማስረጃ ጋር ይቀርባል። "ምደባ አስቀይራለሁ" ለሚል ሰው የሰሊጥ ገንዘብ ማስረከብ ጥሪትን ማባከን ነው። የቤተሰብ ድርሻ ሌላ ነው፤ ልጁ ምርጫውን ከመምህራኑ ጋር ተመካክሮ እንዲሞላ ጊዜ መስጠት፣ በአጨዳው ጥድፊያ የምርጫ ቀን እንዳያልፈው መከታተል፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ያለ ከኾነም ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ወደ ከተማ መላክ ነው።