«ሐኪም እሆናለሁ» ላለ ልጅ የመጀመሪያው ሴሚስተር

ልጅ «ሐኪም እሆናለሁ» ሲል የማይደሰት ወላጅ የለም። ነገር ግን በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ይህ ደስታ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ጭንቀት ሲለወጥ ታዝበናል። የዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ የልጁ ስንፍና ሳይሆን መንገዱን አስቀድሞ አለማወቅ ነው።

እኛ ወላጆች የምናውቀው የአገራችንን አሠራር ነው። ተማሪው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ነጥብ ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ይመደባል። አሜሪካ ውስጥ ግን በቅድሚያ በአብዛኛው አራት ዓመት የሚወስድ የመጀመሪያ ድግሪ ይያዛል፤ ከዚያም እንደ አዲስ ተመልክቶና ተወዳድሮ ሌላ አራት ዓመት ሕክምና ይማራል። «ፕሪሜድ» የሚባለውም በአብዛኛው የዝግጅት ስም እንጂ ዲፓርትመንት አይደለም። ተፈላጊዎቹን ኮርሶች እስካሟላ ድረስ ተማሪው ታሪክም ሆነ ኢኮኖሚክስ ማጥናት ይችላል።

እነዚህ ኮርሶች የትኞቹ ናቸው? አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያንዳንዳቸውን ለአንድ ዓመት ከነቤተ ሙከራቸው ይፈልጋሉ። ባዮኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ እንዲሁም የእንግሊዝኛ ጽሕፈትም ይጨመራሉ። «ኤምካት» የተባለው የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሥነ ልቦናንና ሶሲዮሎጂንም ይጠይቃል።

አንዲት የምናውቃት እህት ባዮሎጂ ዲፓርትመንት ስለገባች ብቻ ሁሉም ነገር የተሟላላት መስሏት ነበር። ከባድ ነው የተባለውን ኬሚስትሪ «በኋላ እደርስበታለሁ» እያለች አቆየችው። ሦስተኛ ዓመት ላይ አማካሪዋ ዘንድ ስትሄድ ግን ሒሳቡ አልገጥም አለ። አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር፣ ኦርጋኒክ ሁለት ሴሚስተር፣ ቀጥሎ ባዮኬሚስትሪ፣ በጠቅላላው አምስት ሴሚስተር ነው። አንዱ የሌላው በር ስለሆነ ጎን ለጎን ሊወሰዱ አይችሉም። ከምረቃ በኋላ መቆየት ነውር አይደለም፤ ብዙዎች አስበውበት ያደርጉታል። የእህታችን ግን ያላሰበችውና ቤተሰቡም ያልተዘጋጀበት ወጪ ሆነ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይበጃል። ተማሪው እንደተመረቀ ሕክምና መጀመር ከፈለገ ማመልከት ያለበት ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ፣ በሜይ መጨረሻና በጁን ወር ነው። ኤምካትን ከዚያ በፊት ይፈተናል ማለት ነው። ፈተናው ባዮኬሚስትሪን ስለሚጨምር ያ ኮርስ በሦስተኛ ዓመት፣ ኦርጋኒክ በሁለተኛ ዓመት፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪም ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይወሰዳል። የሒሳብ ምደባ ፈተና ወደ ዝቅተኛ ክፍል ከጣለው ኬሚስትሪውም ሊዘገይ ስለሚችል፣ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ባለው ክረምት ሒሳቡን ቢያጠናክር መልካም ነው።

ይህን ስንል ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሸከም ማለታችን አይደለም። ማመልከቻው የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤትን ለብቻው ያሰላል። የተደገመ ኮርስም ቢሆን የመጀመሪያው ውጤት አይሰረዝም፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ሦስት የቤተ ሙከራ ኮርሶችን በአንድ ሴሚስተር ደርቦ ከመውደቅ፣ በሁለት ተወስኖ በሚገባ ማለፍ ይሻላል።

ወጪ ለመቀነስ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚጀምሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ይህ በራሱ በር አይዘጋም። ሆኖም አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተፈላጊ ኮርሶችን ከዚያ ወይም በኢንተርኔት መውሰድን አይመርጡምና፣ ቀድሞ መጠየቅና ወደ አራት ዓመቱ ኮሌጅ ሲዛወሩ ከበድ ያሉ የሳይንስ ኮርሶችን መጨመር ያስፈልጋል።

የቤተ ሙከራ ሰዓት ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከጁምዓ ሶላት ጋር እንዳይጋጭ፣ ተማሪው ምዝገባ በተከፈተ ዕለት ሌላ ቀን ያለውን ክፍል ቢይዝ ጥሩ ነው። ኤምካትም ከነዕረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ የፈተናው ቀን ሲመረጥ የሂጅራውንም አቆጣጠር ማየት ይገባል።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁን «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ትወስዳለህ? ከእሱስ በኋላ የሚከፈተው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስምንቱን ሴሚስተር በአንድ ወረቀት ላይ አስጽፋችሁ፣ ሊያመለክትባቸው ካሰባቸው ትምህርት ቤቶች መመዘኛ ጋር በየዓመቱ አስተያዩት፤ መመዘኛው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያልና። እቅድ የልጁ ነው፤ ድካሙም የልጁ ነው። አብሮ መቁጠር ግን የቤተሰብ ድርሻ ነው። ተውፊቁ ከአላህ ነው።