የቤት ውስጥ ቢሮ፦ ከጌጡ በፊት ደረሰኙ

በደቡብ ወሎ የተንታ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አጅባር እህልና በግ ለሚነግድ ሰው፣ ቢሮው መኖሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ አልጋ ሥር፣ ደረሰኙ ጆንያ ውስጥ ከከረመ ግን ኪሣራው የሚታወቀው በግብር ወቅት ነው። ደረሰኙ የጠፋ ወጪ አይቀነስም፤ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ነጋዴ ሰነዱን ከ5 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲያቆይ ያዛል።

ለዚህ ቢሮ መከራየት የግድ አይደለም። ጠረጴዛና መደርደሪያ ከባሕር ዛፍ በገዛ እጅ ይሠራል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም፣ አስቀድሞ ጥላ ሥር ተደርድሮ ይድረቅ። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ስለሚይዝ መደርደሪያው ከግድግዳውም ከወለሉም ይራቅ። ለአይጥ መፍትሔው ክዳን ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ነው።

መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ እንጂ ደረሰኝ አይቀመጥም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ ሳይውል ሳያድር ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይበጃል።

ለደጋው ብርድ ከእግር ሥር የበግ ጠጉር ምንጣፍ ቢነጠፍ ቢሮው ሞላ። ቀለሙና መጋረጃው ከትርፉ ይደርሳሉ።