ደለሉን ማን ይጥረግ?

የሮም ጥንታዊ ወደብ በነበረችው በኦስቲያ፣ የማኅበራት አደባባይ በሚባለው ስፍራ፣ የመርከበኞችና የነጋዴዎች ክፍሎች ደጃፍ ዛሬም በጥቁርና ነጭ ሞዛይክ እንደተነጠፈ ነው፤ ከሊቢያ ጠረፍ የመጡት የሳብራታ ሰዎች ዝሆን አሥለውበታል። የዚያ ዘመን ማኅበር በምን ገንዘብ ይቆም እንደነበር ከሮም ደቡብ ምሥራቅ በላኑቪየም የተገኘው የ136 እ.ኤ.አ. ደንብ ይናገራል፦ ለመግቢያ 100 ሴስተርስና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን፣ ከዚያም በየወሩ 5 አስ፤ አባሉ ሲሞት በወግ ይቀበራል። እድርተኛ አንባቢ ከወይኑ በቀር የሚያስገርመው ነገር የለም።

ክፍት ምንጭ የሆኑ የፕሮግራም ቋንቋዎችም የሚኖሩት በመዋጮ ነው፤ ግን ደቦና እድር ይለያያሉ። ኮድ ጽፎ የሚልክ ሰው ደቦ ወጥቷል፤ ውሎ ይሄዳል። የተላከውን መርምሮ የሚቀበል ወይም የሚመልስ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን፣ ኮምፓይለሩን በየአዲሱ ፕሮሰሰር የሚፈትሽ ግን ዓመቱን ሙሉ ከማሳው አይጠፋም። ደቦው በበዛ ቁጥር የእሱም ሥራ ይበዛል። «በጎ ፈቃደኛ ሞልቶ ገንዘብ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ይህን ይስቱታል፤ ገንዘቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው ኮድ ለሚጽፈው ሳይሆን ለሚያነበው ነው። «ቋንቋው ተሠርቶ አልቆ የለም ወይ?» ለሚሉም ኦስቲያ ራሷ መልስ አላት፦ የቲቤር ወንዝ ደለል ጠረፉን ገፍቶት፣ ባሕሩ ዛሬ ከፍርስራሹ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል፤ ጠባቂ ያጣ ቋንቋም እንዲሁ ዘመኑ ይርቀዋል።

ታዲያ ማን ይክፈል? አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያዎች፣ በደመወዝ መልክ። ውጤቱ አይናቅም፤ የማይክሮሶፍት ቡድን የደከመበት የፓይተን ቋንቋ እትም 3.11 በ2022 ሲወጣ ከቀዳሚው በአማካይ 25 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነበር። በ2025 ግን ይኸው ኩባንያ ከቡድኑ አባላት በርካቶቹን አሰናበተ። ሞዚላም በ2020 ወደ 250 ሠራተኞች ሲቀንስ ከተነኩት መካከል የረስት ቋንቋን ያሳደጉ ነበሩበት፤ በቀጣዩ ዓመት ሞዚላን ጨምሮ አምስት ኩባንያዎች የረስት ፋውንዴሽንን መሠረቱ። በዚያው 2021 የፒኤችፒ ቋንቋ ዋና ገንቢ ኒኪታ ፖፖቭ ከቀጣሪው ኩባንያ ከጄትብሬንስ ሊለቅ መሆኑ ሲሰማ፣ ፒኤችፒ በስንት ሰው ትከሻ ላይ እንደቆመ ታየና ለቋንቋውም ፋውንዴሽን ተቋቋመ። «ፋውንዴሽኑስ የኩባንያዎች አይደል?» ቢባል እውነት ነው፤ የቦርድ ወንበሩን የሚገዛው ገንዘብ ነው። ሆኖም አንዱ አባል ሲወጣ ሣጥኑ ባዶውን አይቀርም። እኔ ከአንድ ሀብታም ደመወዝ የብዙዎች ወርኃዊ መዋጮ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

እድር ላልከፈለ ድንኳን አይተከልም፤ ፓይተን ግን ያልከፈለውንም ያስተናግዳል። ፓይተን 3 ከወጣበት ከ2008 ጀምሮ የአዲስ አበባ ተማሪ አምስት ሳንቲም ሳያወጣ «ዋጋ = 5» ብሎ በፊደሉ መጻፍ ይችላል። በዶላር ማዋጣት ቢያቅተው እንኳ ያገኘውን ስህተት መልሶ በሚያሳይ አምስት መስመር ኮድ ማመልከት አያቅተውም፤ ያቺ አምስት መስመር ኮዱን ለሚያነበው ሰው የግማሽ ቀን ፍለጋ ታስቀርለታለች።