መብራት ሲመለስ መዝገቡም አብሮ እንዲነሣ

ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በኩታበር አንድ ባለሱቅ የዱቤና የዕቃ መዝገቡን በኮምፒዩተር ይይዛል እንበል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጧት ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተነሥቷል፤ መዝገቡ ግን አልከፈት ይላል። ደንበኛው ዕዳውን ሊከፍል ቆሟል፤ የዕዳውን ልክ የሚነግረው ግን የለም። ባለሱቁ «ሂሳቤ ጠፋ» ብሎ ይደነግጣል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ሂሳቡ አልጠፋም፤ መዝገቡን የሚጠብቀው ፕሮግራም ሥራውን ስላልጀመረ ነው።

ይህ ፕሮግራም ዳታቤዝ ሰርቨር ይባላል። ሊኑክስ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ፣ ሲነሣ የትኛው ፕሮግራም ሥራ እንዲጀምር የሚያዝዘው ሲስተምዲ ነው። ሲስተምዲ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ይሠራበታል። እርሱም እንዲያስነሣ ያልተመዘገበለትን ሰርቨር በራሱ አያስነሣም።

ስለዚህ ሁለት ትእዛዞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «ስታርት» ሰርቨሩን አሁኑኑ ያስጀምራል፤ ለነገ ግን ዋስትና አይሆንም። «ኢኔብል» ደግሞ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር ሰርቨሩ እንዲጀምር ይመዘግባል። ባለሙያው በመጀመሪያው ትእዛዝ ብቻ አስጀምሮ ከሄደ፣ ጕድለቱ የሚታወቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ማሪያዲቢ ለተባለው ሰርቨር ትእዛዙ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ማሪያዲቢ» ሲሆን፣ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋል። በኡቡንቱና በዴቢያን ሰርቨሩ ሲጫን ምዝገባው አብሮ ይፈጸማል፤ በሬድ ሃት ወገን ግን ባለቤቱ ራሱ ማዘዝ ይኖርበታል።

ማዘዝ ብቻም አይበቃም፤ መፈተን ይገባል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ኮምፒዩተሩን እንደ ደንቡ አጥፍቶ ማስነሣትና ማንም ሳይነካው መዝገቡ መከፈቱን ማየት መልካም ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ መብራት ሲመለስ እንዲነሣ ደግሞ ባዮስ በተባለው ክፍል ማስተካከል ይቻላል።

ማሪያዲቢ መብራት ድንገት ቢያቋርጠው፣ እንደገና ሲነሣ ሳይፈጸም የቀረውን ጽሕፈት ከራሱ ማስታወሻ ተመልክቶ ያስተካክላል። የተበላሸ ዲስክን ግን ሊያድን አይችልም። ስለዚህ የመዝገቡን ቅጂ በየዕለቱ በሌላ ስፍራ ማኖር የግድ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። መዝገብ ያዘ የሚባለውም የጻፈ ብቻ ሳይሆን፣ በተፈለገ ሰዓት ገልጦ ማሳየት የሚችል ነው።