ቤትዎ የገባው መስመር የቱ ነው?

ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ መደብር ገብቶ «ጥሩ ራውተር ስጠኝ» ለሚል ደንበኛ ሻጩ «መስመርህ ምንድን ነው?» ብሎ ካልጠየቀው፣ ደንበኛው ሌላ መደብር ቢሞክር ይሻለዋል። ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ቤት ከገባው መስመር ጋር ካልተስማማ አይሠራም።

ሞደምና ራውተር ብዙ ጊዜ በአንድ ሣጥን ታሽገው ስለሚሸጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሞደሙ ከውጭ የመጣውን ሲግናል ኮምፒውተር ወደሚያውቀው ይለውጠዋል። ራውተሩ ደግሞ ያንን ኢንተርኔት ተቀብሎ ለስልኩ፣ ለላፕቶፑና ለቴሌቪዥኑ ያከፋፍላል። ከአቅራቢው ጋር የግድ መጣጣም ያለበት ሞደሙ ነው፤ ራውተሩን እንደ ኪስዎ መምረጥ ይችላሉ።

ከመስመሮቹ አሮጌው የኢትዮ ቴሌኮም የመዳብ ስልክ መስመር ነው። ለዚህ ኤዲኤስኤል ሞደም ያስፈልጋል። የዕቃውን ጀርባ ዞር አድርገው ይዩት፦ «ዲኤስኤል» የተባለ፣ የስልክ ገመድ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ከሌለው ለዚህ መስመር አይሆንም። ሰፋ ሰፋ ያሉት ቀዳዳዎች የኔትወርክ ገመድ ማስገቢያ ናቸው። ቴሌ የሰጠዎትን ዩዘርኔምና ፓስወርድም ጽፈው ያስቀምጡ፤ ዕቃ በቀየሩ ቁጥር ይጠየቃሉ።

ፋይበር ከገባልዎት ሞደም ፍለጋ ገበያ አይውጡ። እንደ ሞደም የሚያገለግለው ኦኤንቲ የሚባለው ሣጥን ነው፤ መለያ ቁጥሩ በአቅራቢው ሲስተም ካልተመዘገበ መስመሩ አይቀበለውም። ስለዚህ ከአቅራቢው የሚመጣውን መቀበል ነው። በሣጥኑ ላይ «ሎስ» የተባለችው መብራት ቀይ ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃኑ ሣጥኑ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው፦ ገመዱ ተጣጥፏል፣ ተነቅሏል ወይም ውጭ ተቆርጧል። ያኔ ራውተር መቀየር ምንም አይፈይድም። የተነቀለውን ጫፍ ግን በዓይንዎ አጠገብ አይመልከቱ፤ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ይኖርበታል።

ከዚያ ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ደንበኛው ምርጫ አግኝቷል፤ ምርጫው የሚጠቅመው ግን ራውተሩ ለአንድ አቅራቢ ብቻ ካልተቆለፈ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ሲም እዚያው አስገብተው ይሞክሩት። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ሁሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያየ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ሥራው በኢንተርኔት ላይ የቆመ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ከሲሙ ጎን ቋሚ መስመር እንዲኖረው እመክራለሁ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ከአሜሪካ በስጦታ የሚመጣው ዕቃ ነው። ዘመድ ለቤተሰቡ አስቦ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ በሻንጣው ተሸክሞ ያመጣዋል። እዚያ በየቤቱ የተለመደው ሞደም የኬብል ቴሌቪዥን ገመድ የሚጠመዘዝበት ነው፤ እኛ ዘንድ ያ ዓይነት መስመር ወደ ቤት አይገባም። የ4ጂ ራውተር ከሆነም ባንድ 3፣ ማለትም 1800 ሜጋኸርትዝ፣ መቀበሉ ይታይ፤ በአገራችን 4ጂ በሰፊው የሚሠራው በዚህ ነው። አስማሚው ላይም «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ውጭ ላላችሁ ወገኖች፦ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና «የገባላችሁ መስመር ምንድን ነው?» በሉ። ሞደም የሌለው ንጹሕ ራውተር ከሆነ ግን አምጡት፤ ከፋይበሩ ሣጥን በኔትወርክ ገመድ ተያይዞ በደንብ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ሁለተኛ ራውተር ጎንደር ላይ በእርግጥ ያስፈልጋል። ፒያሳ አካባቢ ጣልያን የሠራቸውን ቤቶች ወይም በድንጋይ የተገነቡትን አሮጌ መኖሪያዎች ያስቡ። 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም ወፍራም ግድግዳ ያዳክመዋል፤ 2.4 ጊጋኸርትዝ ዘገም ይላል፣ ግን የተሻለ ያልፋል። ሁለቱንም የሚሰጥ ራውተር ገዝተው ሳሎን በር ጥግ ሳይሆን ቤቱ መሃል፣ ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጡት።

ዳባትና ደባርቅ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ ስሜን ሲዘለቅ፣ ለ4ጂ ተጠቃሚ ዋናው ጉዳይ የሞባይል ታወሩን ማየት ነው። ገደልና ጋራ ሲግናል ይጋርዳል፤ አንዱ ቤት ሲያገኝ ጎረቤቱ ሊያጣ ይችላል። እዚህ የውጭ አንቴና ማስገቢያ ያለው ራውተር ይመረጣል። በራውተሩ ማስተካከያ ድረ ገጽ ላይ «አርኤስአርፒ» የሚል የሲግናል ጥንካሬ ቁጥር አለ፦ ከ−80 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ −110 ከደረሰ ደካማ ነው። ራውተሩን ከመስኮት ወደ መስኮት እያዛወሩ ቁጥሩን ይከታተሉ፤ ጥቂት እርምጃ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

መብራቱም አለ። ሄዶ ሲመጣ የሚገፋው ኃይል ራውተር ያቃጥላልና በስታብላይዘር በኩል ይሰኩት። ብዙዎቹ ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ለራውተር ተብላ የተሠራች ትንሽ ዩፒኤስ ለሰዓታት ትይዛቸዋለች። ከሶላር ባትሪ በቀጥታ ማገናኘት ግን ጥሩ አይደለም፤ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ መሃል ላይ 12 አድርጎ የሚያወጣ ማመጣጠኛ ይግባ። የፋይበር ተጠቃሚም ኦኤንቲውንና ሁለተኛውን ራውተር ሁለቱንም ዩፒኤሱ ላይ ይሰካቸው፤ አንዱ ብቻ በርቶ ኢንተርኔት የለም።