ልጅን ለአክሮባት ማሠልጠኛ ስለ መስጠት

በራያ ቆላ፥ በዞብል ተራራ ግርጌ በተዘረጋው የማሽላ ሜዳ፥ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን በደረሰ ጊዜ፥ የቆቦና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ በየዕድሜያቸው እየተሰበሰቡ ከበሮ ይዘው ሶለል ለመጫወት ይወጣሉ። ይህንኑ በዓል የዋግ ሰዎች ሻደይ፥ የላስታ ሰዎች አሸንድዬ፥ የትግራይ ሰዎች አሸንዳ ብለው እንደሚጠሩት የታወቀ ነው። አንባቢዎቻችን ይህን ጨዋታ ደጋግመው ያዩት ስለ ሆነ፥ እኛ ዛሬ ስለ ጭፈራው ሳይሆን፥ ልጅዋን ወደ ጭፈራው ስለምትሰድ እናት ልንናገር እንወዳለን።

ይህች እናት ልጅዋ ከቤት ስትወጣ አንዳች ነገር የምትጠይቅ አትመስልም። ነገር ግን ሁሉን ታውቃለች። ጓደኞቿን የምትመራው ታላቂቱ ልጅ የማን ልጅ እንደ ሆነች ታውቃለች፤ በየትኛው ደጃፍ እንደሚጨፍሩ ታውቃለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በየት በኩል እንደሚመለሱ ታውቃለች፤ የተሰጣቸውንም ገንዘብ ማን እንደሚይዘውና እንዴት እንደሚካፈሉት ታውቃለች። ይህ ሁሉ በጽሑፍ የተደነገገ አይደለም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዓይን ስለ ሆነ ብቻ የታወቀ ነው።

ዛሬ ግን ልጆቻችን ሌላም ነገር ይመኛሉ። በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚያዩት ሰው በሰው ላይ ቆሞ ግንብ ሲሠራ፥ ትንሽ ልጅ ወደ ሰማይ ተወርውራ ስትገለበጥና በእጅ ስትቀለብ ነው። ይህም በአገራችን ሰርከስ፥ አክሮባትና ጂምናስቲክ በሚባል ስም ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አሜሪካኖች ደግሞ ቺርሊዲንግ የሚሉት አላቸው። እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በኳስ ሜዳ ተነሥቶ ሕዝቡን በአንድ ድምፅ ለማስጮኽ ሲመራ የተጀመረ ነው። በመጀመሪያ የወንዶች ሥራ ነበረ፤ በኋላ ሴቶች ገቡበት፤ ከዚያም ጩኸቱ ቀርቶ መገለባበጡ በዛና ራሱን የቻለ ውድድር ሆነ፤ በ2021 ዓ.ም የዓለም ኦሎምፒክ ኮሚቴ የስፖርቱን ማኅበር በሙሉ ተቀበለው። ከዚህ በታች በአውሮፓ አቈጣጠር የምንጠቅሳቸውን ዓመታት አንባቢው እንዲሁ ይያዝልን።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ሴት ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ማሠልጠኛ ለማስገባት አስቦ ምክር ጠየቀን። ለርሱ ነገሩ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፈልበት፥ ውልም የሚፈረምበት ነው። በቆቦ ያለ ወላጅ ደግሞ የሚከፍለው ጥቂት ብር ይሆናል፤ ፍራሹም ያረጀ ይሆናል። ሆኖም ሁለቱም የሚሰጡት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ልጃቸው ነው። ስለዚህ ምክሩን ለርሱ ብቻ ከምንጽፍ ለሁሉም ይሁን ብለን እዚህ አወጣነው። ምክር ሰጪዎች ለመሆን ያበቃን ግን ዕውቀታችን ሳይሆን ስሕተታችን ስለ ሆነ፥ እርሱን አስቀድመን መናገር ይገባናል።

ሴት ልጃችን የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፥ ከቤታችን ሩቅ ባልሆነ ስፍራ አንድ የልጆች ቡድን በበዓል ቀን ትርኢት አሳየ። ልጆቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው እስከ አራት ደርብ ተደራረቡ። በፊተኛው ወንበር የተቀመጥነው ባለ ሥልጣኖችና ሹማምንት ቆመን አጨበጨብን። በሳምንቱ ልጃችንን ይዘን ሄድን። የጠየቅነው ሁለት ነገር ብቻ ነበረ፤ ክፍያው ስንት ነው? ልብሱስ ከየት ይገዛል? በሰባተኛው ሳምንት ልጅቱ ማታ ስትመጣ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። «ምን ሆንሽ?» ብንላት «መንገድ ላይ አደናቅፎኝ ነው፥ አባየ» አለች፤ እኛም አመንን። በአራተኛው ቀን አንጓዋ አብጦ እንጀራ መቍረስ ስላቃታት ወደ ሐኪም ወሰድናት፤ በራጅ ሲታይ አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ። ያን ጊዜ እያለቀሰች ነገሩን አወጣችው። ከሦስተኛው ደርብ የወደቀችው በሲሚንቶ ላይ ነበረ፤ ከኋላ ቆሞ የሚቀበላት ሰው አልነበረም፤ አሠልጣኙም «እዚህ የሆነው ለቤት አይነገርም፤ የፈራ ከቡድኑ ይወጣል» ብሏት ኖሯል።

እኛ በችሎት ተቀምጠን የምስክር ቃል ስንጽፍ ብዙ ዓመት የቈየን ሰዎች ነን። ባዕድ ሰው «አደናቅፎኝ ነው» ቢል የት? መቼ? ማን አየህ? ተብሎ ይጠየቃል፤ እኛም እንጽፋለን። የገዛ ልጃችንን ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጨመርንላትም።

ልጅ ሕመሙን መሸሸጉ የኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም በአሜሪካ በአንድ የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሰው ግንብ ላይ ከ4 ሜትር በላይ ወደ መሬት ወደቀች። አንገቷ ታስሮ በቃሬዛ ሲወስዷት የትምህርት ቤቷ መዝሙር በተመታ ጊዜ፥ ተኝታ ሳለች እጆቿን እንደ ልማዷ ታወዛውዝ ነበር። ሕዝቡም አደነቀ፤ ጋዜጦችም ጻፉላት። እርሷስ በጎ ልብ ነበራት፤ ነገር ግን የጀርባ አጥንቷ ተሰንጥቆ ሳለ የጭብጨባ ዕዳ እንዳለባት የተሰማት ልጅን ስናስብ፥ እኛ ወላጆች ከማድነቅ በፊት ልንደነግጥ ይገባን ነበር። በዚያው አገር ተመራማሪዎች ከ1982 ዓ.ም ጀምሮ በያዙት መዝገብ፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ለሞት ወይም ለከባድ ጕዳት ከተዳረጉት ልጃገረዶች ብዙ ዘመን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚሁ ቺርሊዲንግ የተጐዱ ነበሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2012 ዓ.ም ባወጣው ምክር፥ የሰው ግንብ ከሁለት ሰው ቁመት እንዳያልፍ፥ ራሱን የተመታ ልጅም ሐኪም በጽሑፍ ሳይፈቅድ ወደ ጨዋታው እንዳይመለስ አሳስቧል። እኛ ያጨበጨብንለት ግን አራት ደርብ ነበረ። ግንቡን ከፍ የሚያደርገው በፊተኛው ወንበር ያለው ጭብጨባ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

እንግዲህ ልጁን ለመስጠት ያሰበ ሰው ትርኢቱን ትቶ ልምምዱን ይይ። በበዓል ቀን የሚታየው የተመረጠው ነው፤ የወደቀው ልጅ የሚታየው ግን ማክሰኞ ማታ ነው። ሳያስታውቅ ይሂድ፤ ጥግ ይዞም ይቀመጥ። «ወላጅ ይረብሻልና ውጭ ይጠብቅ» የሚል አሠልጣኝ ቢያጋጥመው፥ ልጁን ይዞ ይመለስ። ከዚህ ነገር ጋራ የሚመዛዘን ምክንያት እስካሁን አልሰማንም። ዘመዳችን እንደ ነገረን በርሱ ከተማ ወላጆች በመስተዋት ግድግዳ በኩል ሁሉን ይመለከታሉ፤ መስተዋት በሌለበት አገር ክፍት በር ይበቃል።

ከተቀመጠም በኋላ ዓይኑን ወደ ላይኛይቱ ልጅ አይስቀል። ታች ያሉትን ይይ፤ የሚሸከሙት ልጆች ጕልበታቸው የጸና ነውን? ከኋላ ቆሞ ወደ ላይ ብቻ የሚመለከት፥ ሌላ ሥራ የሌለው ተቀባይ አለን? ልጅቱ በመሬት ላይ መዝለልና በደኅና መውደቅ ሳትማር ወደ ትከሻ ትወጣለችን? ወለሉስ ምንድን ነው? የቆላ ልጆች በወንዝ አሸዋ ላይ ሲገለባበጡ ማየት የተለመደ ነው፤ አሸዋውም ከሲሚንቶ ይሻላል፤ ግን አሸዋም ሣርም ፍራሽም የተቀባዩን እጅ አይተኩም። የራያን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሰዓቱን ይጠይቃል። በቀትር ልጆችን የሚያዘልል፥ ውኃም የሚከለክል አሠልጣኝ ጽናት ሳይሆን በሽታ ያስተምራል። ቀሊል ሆና እንድትወረወር «ምግብ ቀንሺ» የምትባል ልጅ ካለችም ይህ ታላቅ ምልክት ነው፤ በማደግ ላይ ያለችን ልጅ ከራት የሚያስቀር ሰው አጥንቷን ይወስድባታል።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል፤ ጨዋነት ዝም እንድንል ያዘናል፤ ነገር ግን ክፉ ሰው የሚተማመነው በዚሁ ዝምታችን ነው። በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ የአገራችንን ልጆች ችሎታ ለዓለም ያሳየ፥ በየከተማው ለተነሡት የሰርከስ ቡድኖችም መንገድ የከፈተ ነበር። ዳሩ ግን በ1998 ዓ.ም ወደ አውስትራሊያ በሄዱ ጊዜ ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ እዚያው ጥገኝነት ጠይቀው፥ በመሥራቹ ላይ የበደል ክስ አሰሙ። በአሜሪካም በጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ላይ በ2018 ዓ.ም ከ150 በላይ ሴቶች በችሎት ቆመው መሰከሩ። በ2022 ዓ.ም ደግሞ በቴሌቪዥን የተወደደ አንድ የቺርሊዲንግ ወጣት ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል 12 ዓመት ተፈረደበት። እነዚህ ሰዎች ስመ ጥሩዎች ነበሩ፤ ወላጆችም ያመኑአቸው ስለ ስማቸው ነበረ።

ስለዚህ አሠልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋራ ብቻውን የሚሆንበት ክፍል፥ መኪና ወይም ጕዞ ሊኖር አይገባም። በሌሊት ወደ ልጅ ስልክ መልእክት የሚልክ፥ ከሌሎች ለይቶ ስጦታ የሚሰጥ፥ «ይህ በኔና ባንቺ መካከል ይቅር» የሚል ሰው ቢኖር፥ ማስረጃው እስኪሞላ አይጠበቅ፤ ልጁን ከዚያ ማውጣት ይቀድማል፤ ነገሩንም ለፖሊስ ማስታወቅ ይገባል። በአሜሪካ በ2017 ዓ.ም የተቋቋመ አንድ ማእከል የታገዱ አሠልጣኞችን ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ያወጣል፤ ዘመዳችንም አስቀድሞ ያንን እንዲመለከት ነግረነዋል። ለቆቦ ወላጅ የሚሆነው መዝገብ ከቡድኑ የወጡ ልጆች እናቶች ናቸው። ያሉት ያመሰግናሉ፤ የወጡት ግን ለምን እንደ ወጡ ይናገራሉ።

ስለ መምታትም የሚጠይቁን አሉ፤ «ያለ ዱላ አክሮባት አይለመድም» ይላሉ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ ልጅን ለማሳደግ ኀላፊነት ባለበት ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከዚህ በላይ የምንጨምረው የለም።

ወረቀትን በሚመለከት ግን ሥራችን ስለ ሆነ ጥቂት እንጨምራለን። ቡድኑ ወደ ወልድያ፥ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለትርኢት ሲሄድ ወላጅ ፈቃዱን በፊርማው እንዲሰጥ ይጠየቃል። ባዶ ስፍራ በተተወበት ወረቀት ላይ የሚፈርም አባት ኋላ ምን እንደ ተጻፈበት ሊያውቅ አይችልም። የመሄጃውና የመመለሻው ቀን፥ የሚያድሩበት ቤት፥ አብራ የምትሄደው ሴት ማንነት፥ ልጅ ቢታመም የሚያሳክመው ሰው፥ ወደ ውጭ አገር ከሆነም ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚቈይ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂም በቤት ይቅር። ልጆቹ በሠርግና በማስታወቂያ ሥራ ገንዘብ የሚያገኙ እንደ ሆነ፥ የሶለሏ እናት የምታውቀው የገንዘብ አያያዝ እዚህም ይታወቅ።

በእውነት ለመናገር፥ ልጃችን ከዚያ ስብራት በኋላ ወደ ማናቸውም ቡድን እንዳትሄድ ወስነን ነበረ። እናትየዋ ግን አልተስማማችም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ቆቦን በያዛት ወራት ልጅቱ ከቤት ሳትወጣ፥ ተኵስ ስትሰማ ከአልጋ በታች እየገባች ያሳለፈች ናት። «እግሯን መሬት አስለቅቃ ስትዘል ያየኋት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህን አንወስድባትም» አለችን። መልስ አጣን፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ስፍራ ስንፈልግ ሦስት ወር ፈጀን።

ያገኘነው ቡድን በበዓል ቀን ብዙ አይጨበጨብለትም። ግንቡ ከሁለት ሰው አያልፍም፤ ፍራሹ በጆንያ የተጠገነ ነው፤ አሠልጣኟ አንዲት ወጣት ስትሆን፥ ሌላ ሴት ሁልጊዜ አብራት ትገኛለች። በመጀመሪያው ቀን ስንጠይቃት ስለ ሽልማት ሳይሆን ስለ አንጓዋ ስብራት ጠየቀችን፤ ሐኪሙ የጻፈውንም ወረቀት አምጡ አለችን። ልጃችን ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ናት። እስካሁን ወደ ላይ አልወጣችም፤ ሥራዋ ከኋላ ቆማ ከርሷ የሚያንሱትን መቀበል ነው። ዘወትር ማክሰኞ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ «መቼ ነው እኔ የምወጣው፥ አባየ?» እያለች ታጕረመርማለች፤ እኛም አሠልጣኟን ጠይቂ እንላታለን።